ያልተለካችው ልጅ

ጥቅሉ እንደ ወትሮው ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። አስተማሪዋ ዳይፐር ልትገዛ ሠፈር ውስጥ ወዳለው መድኃኒት ቤት ጎራ ስትል፣ ፋርማሲስቷ ገና በሩ ላይ እንዳየቻት ጎንበስ ብላ ከባንኮኒው ስር በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣችና እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

«መጣልሽ! እኔ እንኳን በሰው ጉዳይ አልገባም። ግን እንዲህ ሳያሰልስ የሚልክ ባል አይቼ አላውቅም።»

«ማን አመጣው?» አለች አስተማሪዋ፣ መልሱን እያወቀችው።

«ራሱ ነዋ! ገና ሳልከፍት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ‹አንተ ሰውዬ፣ ቤታቸው እኮ ከዚህ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ሂድና ራስህ ስጣት› ብለው፣ አንገቱን ደፍቶ ‹አንቺው ስጪልኝ› አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። በሰው ጉዳይ አልገባማ።»

አስተማሪዋ ዳይፐሩን በአንድ ብብቷ፣ ጥቅሉን በሌላው ሸጉጣ ወደ ቤት ስትመለስ ሳታስበው እርምጃዋን መቁጠር ጀመረች። ሰማንያ ሁለት ላይ የእናቷን የግቢ በር ነካች። የሒሳብ አስተማሪ ናትና ቁጥር ሲገጥማት ዝም ብላ አታልፍም። ባሏ ከሚስቱና ከልጁ የቀረው በሰማንያ ሁለት እርምጃ ነበር።

ግቢው ውስጥ እናቷ የሚጢጢን ልብሶች ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። ልጅቷ በወረቀት የተመዘገበ ስም ቢኖራትም በዚያ ስም የጠራት ሰው እስካሁን የለም፤ ለሁሉም ሚጢጢ ናት። የአስተማሪዋ እናት ሠላሳ ዓመት በአዋላጅነት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የሠፈሩን ልጆች ግማሹን የተቀበለችው እሷ ስለሆነች፣ ትልልቅ ጎረምሶች ሳይቀሩ ሲያዩዋት ሸሚዛቸውን ያስተካክላሉ። በቤቷ ሁሉም ነገር ሥርዓት አለው። ካናቴራ ከካናቴራ ጋር ይሰጣል፣ ካልሲ ጥንድ ጥንዱን ይዞ ይንጠለጠላል፣ የትፋት ጨርቅ ለብቻው ይቀቀላል።

«ደግሞ ላከ?» አለች ዞር ሳትል።

«ላከ።»

«ከሚልክ ለምን አይመጣም?»

የማይመጣበትን ምክንያት ሁለቱም ያውቁታል።

ነገሩ የሆነው ሚጢጢ በተወለደች በአራተኛው ቀን ነው። ምጡ ከብዶ በኦፕራሲዮን ስለተገላገለች አስተማሪዋ ከሆስፒታል ልትወጣ ስትሰናዳ ገና ሆዷን ደግፋ ነበር የምትራመደው። አዋላጇ ልጇንና የልጅ ልጇን ከመውሰዷ በፊት ባልና ሚስቱ የተከራዩትን አንድ ክፍል ቤት ላየው ብላ ሄደች። አየች። ከዚያም ሆስፒታል ተመልሳ፣ ታማሚውም ጠያቂውም በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ፣ መዳፏን ዘርግታ ለልብስ ሰፊው አማቿ አሳየችው።

«ይኸውልህ! ግድግዳህን ነክቼው ነው የመጣሁት። አሁንም አልደረቀም። የአራት ቀን ልጅ እዚህ ላይ ነው የምታስተኛው? ለሰው ልብስ ስትሰፋ ለራስህ ልጅ ደረቅ ቤት እንኳ አላገኘህም?»

ልብስ ሰፊው አራስ ልጁን ታቅፎ ነበር። ልጅቷን ቀስ አድርጎ ሚስቱ ጎን አስተኛትና፣ «እትዬ፣ ያ ግድግዳ እስኪደርቅ ደጅዎን አልረግጥም። ማልኩ!» ብሎ ወጣ። ይኸው ወጣ፣ ቀረ።

ስልክማ ነበረ። ይደውላል። «እንዴት ናችሁ?» ይላል። «ደህና ነን» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ እሱ በባህሪው ስልክ ላይ ቃል አይወጣለትም፣ እሷ ደግሞ እናቷ ጎኗ ተቀምጣ ጡጦ እያጠበች ምን ትበል? ስለዚህ ከአንድ ወር በላይ እንዲህ ከቆዩ በኋላ ወደ መጻፉ ዞሩ። እሱ የልብስ ቅድ በሚያወጣበት ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ሁሌ የጠመኔ ሽታ አለው።

ክፍሏ ገብታ ጥቅሉን ፈታችው። ቢጫ ቱታ ነው፤ እግሩ ድረስ ጠቅ ጠቅ በሚሉ ቁልፎች የሚዘጋ፣ ደረቱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ኪስ ያለችው።

«ቲቸር» ይላል ደብዳቤው፤ ከተዋወቁ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራት። «ይህን ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ስነካው ጉንጯ ትዝ ብሎኝ ሳልከራከር ገዛሁት። ኪሷ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ሰው ሆና ኪስ ያስፈልጋታል ብዬ ነው። ልኩ እንዴት ነው? እግሯ ጋ አይጠብም? ጻፊልኝ። ማታ ማታ አንቺ የምትተኚበት በኩል አልተኛም፤ ትራስሽ እንዳለ ነው።»

የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ከዚያ ሚጢጢን ከአልጋዋ አንስታ ቱታውን ልታለብሳት ሞከረች። አንዱ እግር ገባ። ሌላው ጉልበቷ ላይ ቀረ። ሚጢጢ መጀመሪያ በትዝብት አየቻት፣ ቀጥሎ ከንፈሯን ጣለች፣ ከዚያ ቤቱን በጩኸት አናጋችው።

«እሺ፣ እሺ፣ የኔ እመቤት፤ ይቅርታ፣ አወለቅነው...»

ይህ ስምንተኛው ነው። የመጀመሪያው እንደ ምንም ገባላት፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት አንዳቸውም አልገቡላትም። ልጅቷ በየሳምንቱ እንደ ሊጥ ስትነፋ፣ አባቷ አሁንም የሚሰፋው በአራተኛ ቀኗ ላያት ልጅ ነው። አስተማሪዋ ቢጫውን ቱታ አጥፋ ከሌሎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስገባችው፤ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ፣ ኮፍያ ያለው፣ ሁሉም አዲስ እንደሆኑ ተደርድረዋል። ከዚያ ብዕሯን አነሳች።

«ጠቦባታል» ብትል ምን ነበረበት? ግን «ጠቦባታል» ማለት «አንተ ሳታያት አደገች» ማለት መሰላት። ያንን ለእሱ መጻፍ እጇ እምቢ አለ።

«ቢጫው አምሮባታል» ብላ ጻፈች። «ልክ ነው። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ሦስተኛ ክትባቷን ትከተባለች።»

ና አላለችውም። ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ነው የጻፈችው። በፋርማሲስቷ በኩል የምትልከውን ወረቀት አጥፋ ስትጨርስ ግን ልቧ፣ ለአቅመ ሔዋን ገና እንደደረሰች ልጅ፣ ድው ድው ይል ነበር።

*

ሰኞ ጠዋት እንደዚያ ቀን ተጨንቃ ለብሳ አታውቅም። ከወሊድ በፊት የነበራት ቀሚስ አልዘጋ አላት፤ ሌላው ቀሚስ ደረቱ ላይ የወተት እድፍ አለው፤ በመጨረሻ አረንጓዴውን ሹራብ መረጠች። እሱ ይወደዋል። ፀጉሯንም አበጠረች። እናቷ በጎን አየቻትና፣ «ክትባቱ ለአንቺ ነው እንዴ?» አለቻት።

ለሚጢጢ የቀረው ንጹሕ ልብስ አንድ ብቻ ነው፤ አያቷ ከትልቁ ሱቅ የገዛችላት፣ ደረቱ ላይ ጥንቸል ያለበት ነጭ ቱታ። አለበሰቻት። ዳይፐር፣ ቅያሪ፣ ፎጣ፣ ቫዝሊንና ውሃ በቦርሳው ተጠቅጥቆ ሦስቱ ሴቶች ወጡ።

ጤና ጣቢያው ግቢ እናቶችና ሕፃናት ሞልተውታል። የአንዱን ልጅ ልቅሶ ሌላው ይቀበለዋል። አዋላጇ ነርሶቹን ሁሉ ስለምታውቃቸው፣ «ያቺ ተማሪዬ ነበረች፣ ይቺን ራሴ ነኝ ያዋለድኳት» እያለች ወደ ፊት አለፈች። አስተማሪዋ ግን ዓይኗ አጥሩ ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሩብ አለፈ።

ሚጢጢ በሚዛኑ ማንጠልጠያ ውስጥ እግሯን እያወዛወዘች ስትንጠለጠል፣ «ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ! ይቺ ምን እየበላች ነው?» አለች ነርሷ እየሳቀች። አዋላጇ የተመሰገነችው ራሷ እንደሆነች ሁሉ ደረቷን ነፋች፤ ሚጢጢን አንስታ ነጩን ቱታ ቆለፈችላትና በትከሻዋ ላይ አቀፈቻት።

ያኔ ነው አስተማሪዋ ያየችው።

ከአጥሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ሠርጋቸው ቀን የለበሰውን ኮት ለብሷል። ፂሙን ተላጭቷል። በእጁ ምንም አልያዘም። ዓይኑ ልጅቷ ላይ ነበር፤ ከራሷ እስከ እግሯ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ተያይተው ምን ያህል ቆዩ? አስተማሪዋ ብትጠየቅ መናገር አትችልም። በጉሮሮዋ የመጣውን ስሙን ልትጠራ ስትል መርፌው ሚጢጢ ጭን ላይ አረፈ። ልጅቷ አንዴ ትንፋሿን ሰብስባ ስትጮህ እናት ዞራ እጇን ያዘቻት፤ «አይዞሽ፣ አለቀ፣ አለቀ» አለቻት፤ ጉንጯን ሳመቻት። ቀና ስትል ከአጥሩ ማዶ የቆመ ሰው አልነበረም።

«ምን ሆነሽ ነው የምትንቀጠቀጪው?» አለች እናቷ። «እሷ ተወጋች እንጂ አንቺ አይደለሽ!»

እማዬን አይቶ ነው የሄደው፣ ብላ አሰበች። መንገድ ማቋረጥ እንኳ አቃተው። ከእኔ ይልቅ መሐላው በለጠበት። ወደ ቤት ሲመለሱ ሚጢጢ ትከሻዋ ላይ ተኝታ እንባዋ ጉንጯ ላይ ደርቆ ነበር። የእናትየው ግን ገና መጀመሩ ነበር።

*

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ጥቅል አልመጣም። ፋርማሲስቷ ከሩቅ ራሷን ነቀነቀችላት። በሚቀጥለውም ሐሙስ ነቀነቀች። አስተማሪዋ ደወለች፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። የሠራችው ነገር ሁሉ ስህተት ይሆንባት ጀመር። ሳፋው ውስጥ ውሃ ቀድታ ሳሙናውን ትረሳለች፤ ዳይፐሩን የኋላውን ወደ ፊት ታስራለች፤ አንድ ቀን ሁለት እግር በአንድ የሱሪ ቀዳዳ ከትታ ሚጢጢ እንደ ዓሣ ስትንፈራገጥ ቆማ አየቻት። ልጅ ሲተኛ ትተኛለሽ ያሏት ሁሉ ዋሽተዋታል። ሚጢጢ በቀን ስትተኛ እሷ በመስኮቱ መንገዱን ታያለች።

በሦስተኛው ሐሙስ ፋርማሲስቷ ራሷ በሩ ድረስ መጣች። በእጇ ጥቅል የለም፤ የታጠፈ ወረቀት ብቻ።

«እኔ እንኳ በሰው ጉዳይ...» ብላ ጀመረችና የአስተማሪዋን ፊት ስታይ አቋረጠችው። ወረቀቱን ሰጥታት ሄደች።

«ለአስተማሪዋ» ይላል። ቲቸር አይልም። «ያን ዕለት ጤና ጣቢያ መጥቼ ነበር። እናትሽ ባሉበትም ቢሆን ልገባ ቆርጬ ነው የመጣሁት። ልጅሽ አምሮባታል። ነጩ ልብስ ከትልቅ ሱቅ የተገዛ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። የኔ ስፌት ሰው ፊት እንደማይወጣ ያኔ ገባኝና ተመለስኩ። አልፈርድብሽም። ብቻ ልክ ነው፣ አምሮባታል፣ ባትይኝ ጥሩ ነበር። በየማታው ለብሳው በሐሳቤ አያት ነበር። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።»

ልጅሽ። ከሁሉም ቃል ውስጥ ይቺ አንዷ ናት እንደ መርፌ ተሰክታ የቀረችባት። ልጃችን አላለም። አስተማሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን ረስታ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

እናቷ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። ወረቀቱን አንስታ አነበበችው፤ ፈቃድ መጠየቅ ልማዷ አይደለም። ጨርሳም መልሳ አጠፈችው። ከዚያ፣ «የላከው ልብስ የታለ?» አለች።

አስተማሪዋ በጣቷ ወደ መሳቢያው አመለከተች። እናቷ ከፈተችውና አንድ በአንድ አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው። ቢጫውን አነሳች፤ ውስጡን ገለበጠችው፣ ጣቷን ስፌቱ ላይ አስሄደች። ሰማያዊውን አነሳች፤ እሱንም ገለበጠችው።

«ስፌቱን ወደ ውጭ ነው ያደረገው» አለች ቀስ ብላ። «በሁሉም ላይ። ጀርባዋን እንዳይፈገፍጋት። ይህንን ማን ነገረው?»

«ማንም አልነገረውም።»

«ሠላሳ ዓመት አዋልጄ እንዲህ ያሰበ አባት አላየሁም።» ቱታውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው ልክ ነው ያልሽው? አስተማሪ አይደለሽም? ተማሪ ተሳስቶ ልክ ነው ትይዋለሽ?»

«ጠቧታል ብለው ልጅህን አታውቃትም ማለት መሰለኝ» አለች አስተማሪዋ እየተንሰቀሰቀች። «እንዴት አድርጌ ልበለው? አንቺ እኮ ነሽ ሰው ፊት ያዋረድሽው! ያን መዳፍሽን ዘርግተሽ...»

አዋላጇ መዳፏን አየችው።

«ካንቺ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አለች።

አስተማሪዋ ልቅሶዋ ቀጥ አለ።

«አንድ ክረምት ነው የኖረው። እኔና አባትሽም አንድ ክፍል ነበር የተከራየነው፤ አልጋውን ግድግዳው ጥግ አስጠግተን። ሳል ጀመረው። እኔ የሰውን ልጅ ሁሉ ስቀበል የራሴን ማትረፍ አቃተኝ። የዚያ ግድግዳ ቅዝቃዜ እስከዛሬ ከእጄ አልወጣም። የባልሽን ግድግዳ ስነካ...» መዳፏን በሽርጧ ጠረገች። «ያን ቀን የሰደብኩት ባልሽን አይደለም ልጄ። ግድግዳውን ነው። ግን ቆሞ የሰማኝ እሱ ነበር።»

እናትና ልጅ እንዲህ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። አስተማሪዋ ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች፤ ከእናቷ ልብስ የልጅ ሳሙና ሽታ ይመጣ ነበር። ትንሽ እንደቆዩ አዋላጇ ብድግ አለችና ቦርሳውን አወረደች። ሁለት ዳይፐር ከተተች። ፎጣ፣ ቅያሪ፣ ኮፍያ ጨመረች። በመጨረሻ ስምንቱን ልብሶች አጥፋ ከላይ አስቀመጠቻቸው።

«ፀሐይ ሳትወርድ ተመለሱ» አለች። «ስንት ሆናችሁ እንደምትመለሱ አልጠየቅኩም።»

*

የልብስ ሰፊው መሥሪያ ቦታ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ የቅድ ጠረጴዛና ራስ የሌለው የልብስ መለኪያ ምስል ያለበት ጠባብ ሱቅ ነው። አስተማሪዋ ሚጢጢን ደረቷ ላይ አስራ፣ ቦርሳውን በትከሻዋ አንግታ ስትገባ፣ እሱ አንድ ወፍራም ደንበኛ አቁሞ ገና አንድ እጅጌ ያለው ኮት እየለካው ነበር። አፉ ውስጥ አምስት ስድስት ስፒል ነክሷል። አየና ደርቆ ቀረ።

ከስቷል። ፂሙ እንደገና አድጓል። ልታቅፈውም ልትመታውም ፈለገች።

«አሁን መናገር አትችልም» አለችው። «ደግ ሆነ። እኔ ልናገር፣ አንተ ስማ።»

ደንበኛው ያለ እጅጌ የቀረ ክንዱን እንደዘረጋ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል።

አስተማሪዋ ልብሶቹን ከቦርሳው እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ሰማያዊው፤ አልገባላትም። ባለ መስመሩ፤ ክንዷ ላይ ቀረ። ኮፍያ ያለው፤ ጭንቅላቷ አላልፍ ብሎ አስለቀሳት። ቢጫው፤ ጉልበቷ ላይ። አልናቅናቸውም። አልደበቅናቸውም። ጠበቧት! ልጅህ አደገች፤ ይኸው ነው ነገሩ። ልክ ነው እያልኩ የዋሸሁህ፣ ማደጓን ከሩቅ እንዳትሰማ ብዬ ነው። በየሐሙሱ እጥፍጥፍ አድርጌ ሳስቀምጣቸው የምስመው ልብሱን ነበር፤ አንተን ማግኘት ስላልቻልኩ!»

ሚጢጢን ፈታ አውጥታ በልብሶቹ መሐል ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻት።

«ልካት» አለች።

ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። ሁለቱ ወለል ላይ ወደቁ።

«እኔ...» አለ ደንበኛው በለሆሳስ፣ «እኔ ሌላ ቀን ብመጣ ይሻላል።» ኮቱን ቀስ አድርጎ አወለቀና በእግሩ ጣት እየተራመደ ወጣ። በሩንም ከውጭ ገጠም አደረገላቸው።

ልብስ ሰፊው ግን ሜትሩን ከአንገቱ አላወረደም። ጎንበስ ብሎ ሚጢጢን አያት። እሷም አየችው፤ ቅንድቧን ሰብስባ፣ ልክ እንደ አያቷ።

«የምሰፋው በዚህ ነበር» አለ፣ ቀኝ ክንዱን እያሳየ። ድምፁ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ሆስፒታል ሳቅፋት ጭንቅላቷ ክርኔ ላይ፣ እግሯ መዳፌ ላይ ነበር። ልክ አንድ ክንድ። ሌላ የማውቀው ልክ የለኝም። በየሳምንቱ ጨርቁን ክንዴ ላይ ዘርግቼ እቆርጠዋለሁ። ስቆርጥ የታቀፍኳት ይመስለኛል።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ጠየቅኩሽ እኮ። ልክ ነው አልሽኝ።»

አስተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ የመጣባት አላወቀችም፤ ሁለቱም አብረው ወጡ።

እሱ አሁን ክንዱን ከልጅቷ ስር አሾልኮ አነሳት። ጭንቅላቷ ክርኑ ላይ አረፈ፤ እግሮቿ ግን ከመዳፉ አልፈው በአየር ላይ ተወዛወዙ። ያንን ሲያይ ነው ልብስ ሰፊው የተሸነፈው። አፍንጫውን ሆዷ ላይ ቀብሮ ትከሻው ተርገፈገፈ። ሚጢጢ ፀጉሩን ጨመደደችና አልለቅም አለች።

በመጨረሻ ለካት። ደረቷን፣ ክንዷን፣ ወገቧን። ሜትሩን ይዛ ወደ አፏ ስትከት ይቀማታል፣ ደግሞ ትይዛለች። «ስልሳ ሦስት» አለ ቁመቷን ሲያነብ፣ ማንም የማያምነውን ነገር እንደሚናገር ሰው። የደንበኞች መመዝገቢያ ደብተሩን ከፍቶ ቁጥሮቹን ጻፈ፤ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ልጄ» አለ። አስተማሪዋ በትከሻው አሻግራ አነበበችው፤ ደብዳቤውን ካነበበች ጀምሮ ተሰክታ የቆየችው መርፌ ያኔ ወጣችላት።

«እንሂድ» አለችው።

ፊቱ ጠቆረ። «ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አስለስኜዋለሁ። ጠዋት ስነሳ ያው ነው፤ ያልበዋል። ምን ፊት ይዤ ነው እናትሽ ፊት የምቆመው? ምያለሁ እኮ።»

«እኔ ግድግዳ አላገባሁም።»

«ቲቸር...»

«አንተ ማልክ፣ እኔ ዋሸሁ። ተማሪዎቼ ሲሳሳቱ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? ሰሌዳውን አጠፋዋለሁ። እናጥፋው። ክረምቱ እስኪወጣ እማዬ ጋ እንሁን፤ ከዚያ ደረቅ ቤት አብረን እንፈልጋለን። አሁን ግን ሌላ ሐሙስ መጠበቅ አልችልም። እውነቴን ነው የምልህ፣ አልችልም!»

እሷ እንዲህ ለምና አታውቅም። እሱም ያውቀዋል። እንባዋን በአውራ ጣቱ ሲጠርግላት የጣቱ የጠመኔ ብናኝ ጉንጯ ላይ ቀረ፤ አልጠረገችውም።

*

በመንገድ ላይ ሚጢጢን የያዛት እሱ ነበር። የፈላ ውሃ እስከ አፉ የሞላ ድስት እንደተሸከመ ሰው እየተጠነቀቀ ይራመዳል፤ ድንጋይ ሲያይ ይዞራል፤ መኪና ሲመጣ ጀርባውን ይሰጣል። ፋርማሲስቷ ከባንኮኒዋ ጀርባ አየቻቸውና በሩ ላይ ወጥታ ቆመች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል አልተናገረችም።

የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ቆመ። አስተማሪዋ እጁን ልትይዘው ፈለገችና ተወችው፤ ይህቺን እርምጃ ራሱ መራመድ ነበረበት።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አዋላጇ ደፉ ላይ ቆማለች። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ።

አየችው። የከሳ ፊቱን፣ ያልተላጨ ፂሙን፣ ክንዱ ላይ አፏን ከፍታ የተኛችውን ልጅ አየች። ከዚያ ዓይኗ እጆቹ ላይ አረፈ፤ ጠመኔ፣ የክር ብናኝ፣ የስፌት መኪና ዘይት።

«ልጅቷን ለእናቷ ስጥና እጅህን ታጠብ» አለች አዋላጇ። «እንዲህ ባለ እጅ በኔ ቤት ልጅ አይታቀፍም። ሳሙናው ከቧንቧው ጎን አለ። እስከ ክርንህ ድረስ እጠበው፤ ደጋግመህ የምትይዛት አንተ ነህ።»

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። ልጅቷን ለሚስቱ አቀብሎ፣ እንደታዘዘ ልጅ፣ ወደ ቤቱ ጓሮ ዞረ።

አስተማሪዋ ሚጢጢን አቅፋ ገባችና የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተደገፈች። ከማዶ ውሃው ሲከፈት ሰማች። ፈሰሰ። እጅ ለመታጠብ ከሚበቃው በላይ ፈሰሰ፤ አሁንም ፈሰሰ፤ ከውሃው ድምፅ ስር ሌላ ድምፅ ነበር፤ አንድ ወንድ እንዳይሰማበት የሚታገለው።

አዋላጇም ሰምታለች። ከቧንቧው አንዲት ጠብታ ስታመልጥ ከእንቅልፏ የምትነሳው ሴት ፎጣ አውጥታ በእጇ እንደያዘች፣ «ተይው» አለች በሹክሹክታ። «ይፍሰስ። አትጥሪው።»

አልጠራችውም። ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ጣለች። አሥራ ስድስት ሳምንት የቻለችውን ናፍቆት፣ ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች መቻል አቃታት።